ጂኑን የሚያዘው ማነው? በነፍሳት ሕዋሳት የሚደረግ ፍለጋ

አኖፊለስ ፉኔስተስ የምትባለው የወባ ትንኝ ከሰሐራ በታች ባሉ ብዙ የአፍሪካ አገሮች በሽታውን ከሚያስተላልፉት ዋነኞቹ አንዷ ናት። አጎበር የሚነከርበት ፓይረትሮይድ የተባለ ፀረ ነፍሳት ኬሚካል ስታርፍበት ሊገድላት ይገባ ነበር። በደቡባዊ አፍሪካ ግን ብዙዎቹ አይሞቱም። ሰውነታቸው ኬሚካሉን የሚሰባብር ኢንዛይም በብዛት ስለሚያመርት መርዙ ጉዳት ሳያደርስ ይከሽፋል። ከእነዚህ ኢንዛይሞች የአንዱ ጂን ሲዋይፒ6ፒ9ኤ ይባላል። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ግን ጂኑ በቀላሉ በምትሞተዋም ትንኝ ውስጥ መኖሩ ነው። ሁለቱም ጂኑ እያላቸው አንዷ ጥቂት፣ ሌላዋ እጅግ ብዙ የምታመርተው ለምንድነው?

መልሱን ለማግኘት ከጂኑ ወጣ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ሕያው ፍጥረት ዲኤንኤ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ጂኖች አሉ፤ ከእነሱ ፊት፣ ኋላ፣ አንዳንዴም መሐላቸው ደግሞ ራሳቸው ፕሮቲን የማይሠሩ፣ ጂኑ መቼ፣ የትና ምን ያህል እንዲሠራ የሚወስኑ ክፍሎች አሉ። ከጂኑ መነሻ ላይ የሚገኘው ፕሮሞተር ይባላል። ዲኤንኤውን ወደ አር ኤን ኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም ሥራውን የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሥራውን የሚያጎለብተው ሌላው ክፍል ኢንሃንሰር ይባላል፤ እሱ ከጂኑ እጅግ ርቆም ሊገኝ ይችላል። በ1981 ጁሊያን ባነርጂ፣ ሳንድሮ ሩስኮኒና ዋልተር ሻፍነር ዙሪክ ላይ ባደረጉት ሙከራ ከአንድ ቫይረስ የተወሰደ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ የጥንቸልን የሄሞግሎቢን ጂን ሥራ በ200 እጥፍ ገደማ አሳደገው። ቁራጩን ገልብጠው ቢያስገቡትም፣ በሺህ የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ፊደላት አርቀው ቢያስቀምጡትም መሥራቱን አልተወም።

የዘርፉ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጂን ራሱ በግልጽ ይነበባል፤ ሦስት ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት አንድ አሚኖ አሲድ እንደሚያዙ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስለሚታወቅ ፊደላቱን ያየ ሰው የትኛው ፕሮቲን እንደሚሠራ ማወቅ ይችላል። ኢንሃንሰር ግን እንዲህ ያለ የማያሻማ ሕግ የለውም። በላዩ ላይ የሚያርፉት ፕሮቲኖች የሚፈልጓቸው አጫጭር የፊደል ቅንጅቶች በዲኤንኤ ውስጥ በየቦታው ይገኛሉ፤ ከእነዚያም አብዛኞቹ ምንም አይሠሩም። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ዲኤንኤ ጂን ማዘዝ አለማዘዙን ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ አስገብቶ መሞከር ነው። ለዚህ ሥራ ከተገኙት መሣሪያዎች ሁሉ ከነፍሳት የተወሰዱት ሕዋሳት እጅግ ጠቃሚ ሆነው ተገኝተዋል፤ በእኔ እይታ የሚገባቸውን ያህል አልተነገረላቸውም።

ሴል ላይን የሚባለው ከእንስሳ አካል ተወስዶ በብልቃጥ ውስጥ ያለማቋረጥ እየተባዛ የሚኖር የሕዋስ ዘር ነው። ከፍራፍሬ ዝንብ፣ ማለትም ከድሮሶፊላ፣ እንዲህ ዓይነት ሕዋሳትን ለማሳደግ ብዙዎች ደክመዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ጊ ኤሻሊየና አኒ ኦሃኔስያን በ1969 ኬሲ በመባል የሚታወቁትን አሳወቁ። በ1972 ደግሞ በአሜሪካው ዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም ትሠራ የነበረችው ኢሞጂን ሽናይደር ሦስት የሕዋስ ዘሮችን ማግኘቷን አሳተመች። የተጠቀመችው ሊፈለፈሉ ጥቂት ጊዜ ብቻ የቀራቸውን፣ ከ20 እስከ 24 ሰዓት የሆናቸውን የዝንብ ሽሎች ነበር። ቆራርጣ፣ በኢንዛይም ሕዋሳቱን አለያይታ፣ ራሷ ባዘጋጀችው ፈሳሽ ምግብ ውስጥ አኖረቻቸው። ከሦስቱ ሁለተኛው ኤስ2 ተብሎ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ይገኛል። ፈሳሹም እስከ ዛሬ የሽናይደር ሚዲየም እየተባለ በስሟ ይሸጣል።

ኤስ2ን ለማኖር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የሰው ሕዋስ 37 ዲግሪ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባ ኢንኩቤተር ይፈልጋል፤ ጋዙ በየጊዜው መሞላት አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ኤስ2 ግን 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ያለ ጋዝ፣ ክዳኑ በተዘጋ ፍላስክ ውስጥ ያድጋል። ሕዋሳቱ ክብ ክብ ናቸው፤ ከፍላስኩ ወለል ጋር የሚያያዙት በስሱ ስለሆነ በፒፔት ፈሳሹን አንስቶ ቀስ እያደረጉ መልሶ በላያቸው ማፍሰስ ብቻ ያስለቅቃቸዋል። በአንድ ቀን ገደማ ቁጥራቸው እጥፍ ይሆናል። አንድ አመል አላቸው፤ ብቸኝነት አይወዱም። ወደ አዲስ ፍላስክ ሲዛወሩ ቁጥራቸው ካነሰ እድገታቸው ይቆማል፣ ይሞታሉም። ስለዚህ የሚያዛውራቸው ሰው ከአሮጌው ፈሳሽ የተወሰነውን አብሮ ይወስዳል፤ ሕዋሳቱ ራሳቸው ያመነጩት ለእድገት የሚረዳ ነገር በውስጡ አለና።

ሙከራው ራሱ እንዲህ ነው። ተመራማሪው ሊያጣራው የፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ ይወስድና ፕላዝሚድ በምትባል ክብ ዲኤንኤ ላይ ከሉሲፈሬዝ ጂን ፊት ይቀጥለዋል። ሉሲፈሬዝ በሌሊት እያበራች ከምትበረው ጢንዚዛ የተገኘ፣ ብርሃን የሚያመነጭ ኢንዛይም ነው። ከዚያ ፕላዝሚዱን ከካልሲየምና ከፎስፌት ጋር ያዋህደዋል። ቀስ በቀስ ጥርት ያለውን ፈሳሽ የሚያደፈርስ ደቃቅ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሕዋሳቱ ላይ የተበተነ ብናኝ ነው። ሕዋሳቱ ይውጡታል። ሁለት ቀን ያህል ከቆዩ በኋላ እንዲፈርሱ ይደረጋል፤ ሉሲፈሪን የሚባለው ቅመም ሲጨመርባቸው ብርሃን ይሰጣሉ። ብርሃኑ ለዓይን እጅግ ደካማ ስለሆነ ሉሚኖሜትር በሚባል መሣሪያ ይለካል። ቁራጩ ጂን የሚያዝ ከሆነ ብርሃኑ ይበዛል፤ ካልሆነ ባዶው ፕላዝሚድ ከሚሰጠው አይበልጥም። የሙከራ ሳህኑ አንዱ ጉድጓድ ብዙ ሕዋስ፣ ሌላው ጥቂት ስላለው ብቻ ውጤቱ እንዳይሳሳት ሬኒላ ከሚባል የባሕር እንስሳ የተወሰደ ሁለተኛ አብሪ ኢንዛይም አብሮ ይገባል፤ የመጀመሪያው ብርሃን ለሁለተኛው ይካፈላል።

የነፍሳት ሕዋሳት የሰውን ጂን ለማጥናትም ማገልገላቸው መጀመሪያ ላይ ሊገርም ይችላል። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሮበርት ጂያን ቡድን ኤስፒ1 የሚባለውን የሰው ፕሮቲን ያጠና ነበር። ኤስፒ1 በዲኤንኤ ላይ አርፎ ጂኖችን የሚያነቃቃ ፕሮቲን ነው። የቱ የአካሉ ክፍል ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ፕሮቲኑን እየከፋፈሉ መሞከር ያስፈልግ ነበር። በሰው ሕዋስ ውስጥ ግን ኤስፒ1 ቀድሞውኑ ሞልቷል። ጨው መግባቱ የሚታወቀው ጨው በሌለበት ወጥ ነው፤ ጨው በገባበት ላይ ቢጨምሩበት ግን ለመለየት ያስቸግራል። አልበርት ኮሬይና ጂያን በ1988 ባሳተሙት ሥራ ወደ ሽናይደር የዝንብ ሕዋሳት ዞሩ፤ እነዚያ ኤስፒ1 የላቸውም። ፕሮቲኑ ሳይገባ ጂኑ ዝም አለ፤ ሲገባ ተነሣ። እየቆራረጡ ሲሞክሩም ጂን የማነቃቃት ኃይሉ ግሉታሚን በሚባለው አሚኖ አሲድ የበለጸጉ ክፍሎቹ ላይ እንዳለ አገኙ። ያለ ባዶው የዝንብ ሕዋስ ይህ ሥራ በዚያ ዘመን እንዲህ ጥርት ብሎ ሊወጣ የሚችል አይመስለኝም።

ሌላም ጥቅም አለ። በ2000 እንደታወቀው ኤስ2 ሕዋሳት ባለ ሁለት ክር አር ኤን ኤ ፈሳሹ ውስጥ ሲጨመርላቸው ራሳቸው ይወስዱታል፤ በዚያም ከዚያ አር ኤን ኤ ጋር የሚመሳሰለው ጂን ይታፈናል። በብዙ የሰው ሕዋሳት ይህን ለማድረግ ልዩ ማጓጓዣ ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ማንጠባጠብ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ኢንሃንሰር መሥራቱ ከታወቀ በኋላ ማን እንደሚያዘው ለማግኘት ተጠርጣሪ ፕሮቲኖችን በየተራ እያፈኑ ብርሃኑ በየትኛው እንደሚደክም ማየት ይቻላል።

እስከ 2013 ድረስ ግን ሥራው አዝጋሚ ነበር፤ አንድ ቁራጭ፣ አንድ ፕላዝሚድ፣ አንድ ልኬት። የድሮሶፊላ ዲኤንኤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ፊደላት አሉት፤ በዚህ አካሄድ መቼም አያልቅም። በዚያ ዓመት ቪየና በሚገኘው የሞለኪውላዊ ፓቶሎጂ ምርምር ተቋም የአሌክሳንደር ስታርክ ቡድን ስታር ሴክ የተባለ ዘዴ ይዞ ቀረበ። ሐሳቡ በጣም ብልህ ነው። ቁራጩ ከጂኑ ፊት ሳይሆን ከፕሮሞተሩ ኋላ፣ ወደ አር ኤን ኤ በሚገለበጠው ክፍል ውስጥ ይገባል። ቁራጩ ኢንሃንሰር ከሆነ ፕሮሞተሩን ያነቃቃል፤ ፕሮሞተሩ በተነቃቃ ቁጥር የቁራጩ የራሱ ቅጂ በአር ኤን ኤ መልክ ይበዛል። ብርሃን መለካት ቀርቶ አር ኤን ኤውን ሰብስቦ ፊደላቱን ማንበብና የትኛው ቁራጭ ስንት ጊዜ እንደተገኘ መቁጠር ብቻ ይበቃል። በዚህ ዘዴ የዝንቡ ዲኤንኤ በሙሉ ተቆራርጦ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁራጮች ሆኖ፣ በኤስ2 ውስጥ በአንድ ሙከራ ተፈተነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢንሃንሰሮች ከነጥንካሬያቸው ተለዩ። ብዙዎቹ የተገኙት ፕሮቲን በማይሠሩት የጂኖች መሐል ክፍሎች፣ ማለትም በኢንትሮኖች ውስጥ ነበር።

ያው ቡድን ዘዴውን ከዝንብ እንቁላል እጢ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይም ሞክሮ ነበር። ሁለቱ ዝርዝሮች በብዙ ቦታ ተለያዩ። ዲኤንኤው አንድ ነው፤ ሕዋሱ ሲለወጥ ግን የሚሠሩት ኢንሃንሰሮችም ይለወጣሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ፕሮቲኖች ስላሉት ከዚያው መጽሐፍ የተለየ ገጽ ያነባል ማለት ነው። በ2015 ደግሞ ከዚያው ቤተ ሙከራ የወጣ ሥራ ኢንሃንሰሮች ፕሮሞተር እንደሚመርጡ አሳየ፤ በየሕዋሱ ዘወትር ለሚሠሩት ጂኖች ፕሮሞተር የሚስማሙት ኢንሃንሰሮች ለእድገት ጂኖች ፕሮሞተር ከሚስማሙት ይለያሉ። በ2022 ከኤስ2 የተሰበሰበው ልኬት ዲፕ ስታር የተባለ የኮምፒውተር ሞዴል ለማሠልጠን ዋለ። ሞዴሉ ፊደላቱን ብቻ አይቶ የቁራጩን ጥንካሬ መተንበይ ቻለ፤ ተመራማሪዎቹ በሱ ተመርተው በተፈጥሮ የሌሉ አዳዲስ ኢንሃንሰሮችን ነድፈው ሕዋሱ ውስጥ ሲያስገቡ ሠሩ። ይህ ስኬት የቆመው ሊለካ በሚችል፣ ሁሌም በሚገኝ፣ ተመሳሳይ በሆነ ሕዋስ ላይ ነው።

አሁን ወደ ትንኟ እንመለስ። የወባ ትንኝ ሕዋሳትም በብልቃጥ ይኖራሉ። ከአኖፊለስ ጋምቢዬ እጮች የተገኙ ዘሮች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሉ፤ አንዳንዶቹ በባሕሪያቸው ከነፍሳት የደም ሕዋስ ጋር ይመሳሰላሉ። የቅርብ ዘመዷ የሆነችው አኖፊለስ ኮሉዚ ዲኤንኤ በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ በስታር ሴክ ተፈትኖ በ2022 ከ3 ሺህ የሚበልጡ ኢንሃንሰሮች ታውቀዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ በ2019 አንድ ኢንሃንሰር ከአንዷ ትንኝ ወደ ሌላዋ በጥቂት ፊደላት ብቻ ሲለያይ ጥንካሬው እንደሚለወጥ በሉሲፈሬዝ ታይቷል።

የሲዋይፒ6ፒ9ኤ ጉዳይ የተፈታውም በዚህ መንገድ ነው። ለብዙ ዓመታት በካሜሩንና በእንግሊዝ የሊቨርፑል ትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የሠራው የቻርልስ ዎንጂ ቡድን ከጂኑ ፊት ያለውን ቁራጭ ከሁለት ዘር ትንኞች ወሰደ። አንደኛው ዘር ከሞዛምቢክ የመጣው፣ ኬሚካሉን የሚቋቋመው ነው፤ ሌላው ከአንጎላ የመጣውና በቀላሉ የሚሞተው። ሁለቱም ቁራጮች በሉሲፈሬዝ ፊት ተቀጥለው በአኖፊለስ ጋምቢዬ ሕዋሳት ውስጥ ገቡ። ሕዋሱ አንድ፣ ፕላዝሚዱ አንድ፣ አብሪው ጂን አንድ፤ የተለያየው ቁራጩ ብቻ ነበር። ከሚቋቋመው ዘር የተወሰደው ቁራጭ ያሳየው ሥራ ከሌላው በልጦ ተገኘ። የትንኟ ብርታት በከፊል የተጻፈው ከጂኑ ውጪ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ግኝቱ በ2019 ሲታተም ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይዞ ነበር። የፊደሉ ልዩነት ስለታወቀ ከአንዲት ትንኝ ዲኤንኤ ብቻ ተቋቋሚ መሆን አለመሆኗን የሚለይ ቀላል ምርመራ ተዘጋጀ። በእሱም ለውጡ በደቡባዊ አፍሪካ ባሉ ትንኞች ሁሉን ለመያዝ ምንም እንዳልቀረው፣ በሌሎቹ የአፍሪካ ክፍሎች በተሰበሰቡት ግን እንዳልተገኘ ታየ። ሁለተኛው በካሜሩን በተሠሩ የሙከራ ጎጆዎች የተደረገው ነው። ለውጡን የያዙት ትንኞች አጎበር ባለበት ጎጆ ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ በሕይወት ተረፉ፤ ደምም ጠጡ። በፍላስክ ውስጥ የታየው የጥቂት ፊደላት ልዩነት አልጋ ላይ የተኛ ሰው ጋ ደረሰ ማለት ነው። ፒቢኦ የሚባለውን ቅመም አክለው የሚሠሩ አጎበሮች የሚጠቅሙትም እዚህ ላይ ነው። ፒቢኦ ኬሚካሉን የሚሰባብሩትን እነዚህን ኢንዛይሞች ያግዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2017 ጀምሮ ትንኞች ፓይረትሮይድን በሚቋቋሙባቸው ቦታዎች መጠቀምን መክሯል።

ሕዋሳቱ ሊነግሩን የማይችሉት ነገር ብዙ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ ውጤታቸውን ያለ ልኩ የሚያገንን ጽሑፍ አንባቢን ያሳስታል። ፕላዝሚድ እንደ ክሮሞሶም በብዙ ፕሮቲን ተጠቅልሎ የታሸገ አይደለም። በስታር ሴክ ጠንካራ ሆነው ከተገኙት ቁራጮች የተወሰኑት በሕዋሱ ራሱ ክሮሞሶም ላይ ተዘግተው የተቀመጡ ነበሩ፤ መሥራት ይችላሉ፣ ግን በዚያ ሕዋስ ውስጥ እየሠሩ አልነበረም። ለዓመታት በብልቃጥ የኖሩ ሕዋሳት የክሮሞሶማቸው ቁጥርም ይዛባል፤ ኤስ2 ብዙውን ጊዜ ከተለመደው እጥፍ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ሕዋስ አካል አይደለም። የዝንብን ሽል በመስመር በመስመር የሚከፋፍሉት ኢንሃንሰሮች ሥራቸው የሚታየው ከራስ እስከ ጅራት የፕሮቲኖች መጠን እየተለዋወጠ በሚሄድበት ሽል ውስጥ ነው፤ በፍላስክ ውስጥ ራስም ጅራትም የለም።

ዲዲቲን የሚቋቋሙ ዝንቦች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ2002 እንደታወቀው በዓለም ዙሪያ በተሰበሰቡት ተቋቋሚ ዝንቦች ሲዋይፒ6ጂ1 ከሚባለው ጂን ፊት አኮርድ የተባለ ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቷል። ይህ ቁራጭ ጂኑን በየትኞቹ አካላት እንደሚያበዛው የታወቀው ግን ሕይወት ባላቸው ዝንቦች ውስጥ ተቀጥሎ ሲታይ ነው፤ በአንጀት፣ በማጣሪያ ቱቦዎችና በስብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ሠራ። እነዚህ መርዝ የሚመክንባቸው አካላት ናቸው። የደም ሕዋስ የሚመስል ሴል ላይን ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር። ስለዚህ ጥሩ ቤተ ሙከራ በሕዋስ ይጀምርና ከሺዎቹ ጥቂቶቹን መርጦ ወደ ሙሉው ነፍሳት ይሄዳል።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከሷ ጋር የተያያዘ ማስረጃ ተገኝቷል። በኢትዮጵያ የተሰበሰቡት የዚህች ትንኝ ናሙናዎች ፓይረትሮይድን ይቋቋማሉ፤ አስቀድሞ ለፒቢኦ ሲጋለጡ ግን በሚሞቱት ቁጥር ላይ ጉልህ ጭማሪ ታይቷል። ይህ ኬሚካል ሰባባሪ ኢንዛይሞች በነገሩ ውስጥ እጃቸው እንዳለበት ይጠቁማል። የትኛው ጂን፣ በየትኛው መቆጣጠሪያ ክፍል ታዞ እንደሚበዛ ለማረጋገጥ ከሞዛምቢክና ከአንጎላ ትንኞች ጋር የተሄደበት መንገድ ክፍት ነው። ከራሷ ከስቴፈንሲ የተገኙ ሕዋሳትም በቤተ ሙከራዎች አሉ፤ እንደሌሎቹ የትንኝ ሕዋሳት በ28 ዲግሪ አካባቢ ያድጋሉ። የሚያስፈልገው ከድሬዳዋና ከቀብሪ ደሃር ትንኞች ከጂኖቹ ፊት ያለውን ዲኤንኤ ወስዶ በቀላሉ ከሚሞቱት ዘሮች ቁራጭ ጎን ማስቀመጥ፣ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ሕዋስ ውስጥ ማስገባትና ብርሃኑን መለካት ነው።